ለእኛ የማይበራው መብራት

በአንድ አውቶሞቢል ላይ ከተተከሉት መብራቶች አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ነጂውን ነው። የፊቱ መብራት መንገዱን ያሳየዋል፤ የውስጡ መብራት የፍጥነቱንና የነዳጁን መጠን ያስነብበዋል። ፍሬቻውና የፍሬኑ መብራት እንኳ፥ ምንም ለሌላው ሰው ምልክት ቢሆኑ፥ ነጂውን ከግጭት ስለሚያድኑት ጥቅማቸው ተመልሶ ለእርሱው ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ለነጂው ምንም የማይፈይድ አንድ ትንሽ መብራት አለ፤ ይኸውም ከኋላው ታርጋ በላይ ተቀምጦ ቁጥሩን የሚያበራው ነው። ነጂው ከወንበሩ ሆኖ አያየውም፤ ቢጠፋ አይጎድልበትም፤ ቢበራም አይታወቀውም። ስለዚህ ከመብራቶች ሁሉ መጨረሻ የሚጠገነው እርሱ ነው። እኛም በቤታችን ስምንት ወር ያህል ሳንጠግነው ቆይተን ነበር። ያስከተለብንንም ነገር፥ ለሌሎች ቤተ ሰቦች ትምህርት ይሆን እንደሆነ ብለን፥ ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

እኛ፥ ባልና ሚስት፥ የምንኖረው በደሴ ከተማ ሲሆን፥ አውቶሞቢሏን ያገኘናት ከሁለታችን ከአንዳችን አባት በውርስ ነው። ስሟ ካርማን ጊያ ይባላል። ቅርጿን በጣሊያን አገር የቱሪኑ የጊያ ድርጅት ነደፈው፤ አካሏን በጀርመን አገር በኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ሠራው፤ ሞተሯ ግን አገራችን በሚገባ ከሚያውቃት ከቮልስዋገን የተወሰደ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ስትሠራ ቆይታለች፤ የእኛዋ የ1965 ሥሪት ናት። ዝቅ ብላ፥ ጀርባዋ ክብ ሆኖ ስትታይ የእሽቅድምድም መኪና ትመስላለች፤ ጉልበቷ ግን ያው የቮልስ ጉልበት ነው። አባታችንም «ልብሷ የጌታ፥ ጉልበቷ የሎሌ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አባታችን ካረፉ በኋላ መኪናይቱ ለብዙ ዓመታት በግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ቆመች። በኋላም ትዝታቸውን ለማደስ ብለን ፍሬኗን አሠራን፤ ጎማዎቿን ለወጥን፤ ቀለሟንም አስቀባናት። ቀለም ቀቢው ሥራውን ሲጀምር ታርጋውንና የታርጋውን መብራት ፈትቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን። መኪናይቱ አዲስ ሙሽራ መስላ ስትመለስ፥ ታርጋውን ለጊዜው ብለን በኋላው ፓራውልት ላይ በሽቦ አሰርነው፤ መብራቱ ግን ከነጋዜጣው በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ እስኪደርስ ድረስ ችግር የለውም አልን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምሳሌ ለልጆቻችን ስንነግር የኖርን ሰዎች፥ የራሳችንን ነገር በመሳቢያ ዘግተን ተቀመጥን።

ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር 12 ቀን፥ በኮምቦልቻ የምትኖር አክስታችን የኅዳር ሚካኤልን ዝክር ስለምታዘክር፥ ሁለታችን በዚያች መኪና ወረድን። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወረደውና የሚወጣው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። በቀን ለዓይን እጅግ የሚያስደስት መንገድ ነው፤ በሌሊት ግን ከፊት የጭነት መኪና፥ ከጎን ገደል፥ በዳርና ዳር ደግሞ ከገበያና ከእርሻ የሚመለስ እግረኛ ስላለ ነጂው ትንፋሹን ውጦ የሚያልፍበት ነው።

አክስታችን «እደሩ» ብላ ብትለምነንም፥ እኛ «ሥራ አለብን» ብለን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሣን። ጨረቃ አልነበረችም። የመኪናይቱም ኤሌክትሪክ እንደ ዘመኗ በ6 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የፊት መብራቷ ደካማ ነው። ሐረጎን ስንወጣ፥ በአንድ ኩርባ ላይ ከባድ የጭነት መኪና ከላይ መጣብን፤ ወደ ዳር ጠጋ አልን። በዚያች ቅጽበት የጎን መስተዋታችን አንዳች ነገር ሲመታ ተሰማን፤ ኋላም የሚንኮሻኮሽ ድምፅና የሰው ጩኸት ሰማን። የማሽላ አገዳ የተጫነች አህያ ነበረች፤ አገዳው ወደ ጎን ረዝሞ ስለወጣ መስተዋታችን ጠልፎት ኖሯል። የሚነዳትም ሰው በጭነቱ ተገፍቶ ወድቆ ነበር።

አልቆምንም።

ይህን ቃል ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል። ከሁለታችን መሪውን የያዘው ማን እንደ ነበር እዚህ አንናገርም፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነውና። ሕዝቡ ይደበድበናል ብለን ፈርተን ይሆናል፤ የጭነት መኪናው መንገዱን ዘግቶብን ይሆናል፤ ምክንያት መፈለግ ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለተኛውን ኩርባ ስናልፍ ከሁለታችን አንዳችን «ታርጋው አይበራም» አልን። ሌላው ምንም አልመለሰም። ያ ቃል የተነገረው እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ እንደ ማጽናኛ ነበር። ማንም ቁጥራችንን አላነበበም፤ ማንም አያውቀንም ማለታችን ነበር። ሦስተኛውን ኩርባ እስክናልፍ ድረስ በመኪናይቱ ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። ያን ጊዜ የተናገርነው ነገር ለራሳችን ቀፈፈን። ስምንት ወር ሙሉ በመሳቢያ የዘጋነው መብራት ለካ እንዲህ ያለውን ሐሳብ እንድናስብ መንገድ ያበጀልን እርሱ ነበር። መዞሪያ የሚሆን ሰፋ ያለ ስፍራ ስናገኝ ተመለስን።

ከስፍራው ስንደርስ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው የቀኝ እጃቸውን አንጓ በግራ እጃቸው ይዘዋል። ሕዝቡ ግን የከበበው እርሳቸውን አልነበረም፤ ሌላ ባለመኪናን ነበር። ይህ ሰው አሮጌ ቮልስ እየነዳ ከኋላችን ሲመጣ፥ የወደቀ ሰው አይቶ ሊረዳ ብሎ የቆመ ወጣት ነው። ከብት ሲመልሱ የነበሩ ልጆች «ጀርባዋ ክብ የሆነች ትንሽ መኪና ናት የገጨቻቸው» ብለው በመናገራቸው፥ ሕዝቡ እርሱ ነው ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ቀምቶታል። ወጣቱም ወደ መኪናው ጀርባ እያመለከተ «የእኔ ታርጋ ይኸው በርቶ ይነበባል፤ የሄደችውን ታርጋ ግን ማን አነበበ?» እያለ ይማልላቸው ነበር። ማንም አልመለሰለትም። የተነበበ ቁጥር ስላልነበረ፥ ነፃ መሆኑን የሚያስረዳለትም አልነበረም።

ወርደን «እኛ ነን» አልን።

አንድ ጎረምሳ ዱላውን ከፍ አድርጎ ወደ እኛ ሲመጣ ሽማግሌው ከተቀመጡበት «ተዉአቸው፤ ይልቅ አህያዋን ያዙልኝ» ብለው ጮኹ። ይህንም ያሉት ለእኛ አዝነው ይሁን ወይም ለአህያዋ፥ እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም። የእኛ መኪና የኋላ ወንበር ጠባብ ስለሆነ የተጎዳ ሰው አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ያ በእኛ ምክንያት ቁልፉን የተቀማው ወጣት ሽማግሌውን አሳፍሮ ወደ ደሴ ሆስፒታል ቀደመ፤ እኛም ተከተልነው። ከሐረጎ እስከ ደሴ ከፊታችን ሲበራ የሄደው የዚያ ሰው ታርጋ ነበር። እርሱ አያየውም፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ኩርባ ስንዞር እናነበው ነበር። ቁጥሩንም እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። በጀሶ ታሰረ። እኛም በዚያው ሌሊት ለትራፊክ ፖሊስ ያደረግነውን ሁሉ፥ አልፈን መሄዳችንን ጭምር፥ አመለከትን፤ በሕግ የተወሰነብንንም ፈጸምን። ነገር ግን የኅዳር ወር የመከር ወር ነው፤ የሽማግሌው ማሽላ ገና ከእርሻው አልተሰበሰበም ነበር። በወሎ እንደ ተለመደው በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች፥ እስላሙም ክርስቲያኑም፥ ባንድነት ተቀምጠው ነገሩን አዩት። እኛም የሕክምናውን ወጪ ከፈልን፤ የቀረውን ማሽላ የሚሰበስቡ ሠራተኞች ቀጠርን፤ ይቅርታም ጠየቅን። በሽምግልናው ላይ ሽማግሌው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቼ፥ ተመልሳችኋል፥ እሰየው፤ ባትመለሱስ ኖሮ ማን ብዬ እከስ ነበር?» አሉ። ለዚህ የሚሰጥ መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ በጋዜጣ የተጠቀለለውን መብራት ይዘን ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድን። እርሳቸውም በዕድሜ የገፉ፥ ቮልስን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የመጣንበትን ነገር ሲሰሙ ሳቁና «የታርጋ መብራት ጠፋብኝ ብሎ በራሱ እግር የመጣ ሰው አላውቅም፤ ሁሉም የሚመጣው ትራፊክ ሲይዘው ነው» አሉ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ሥራው ከታርጋው ጀመረ። በሽቦ ታስሮ የተንጠለጠለ ታርጋ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ይጣመማል፤ አንድ ቀንም ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው ከላሜራ ጠንካራ ማቀፊያ ቆርጠው በሞተሩ ክዳን ላይ በቡሎን አሰሩት፤ ታርጋውንም በእርሱ ላይ ቀጥ አድርገው አጠበቁት። በብረትና በብረት መካከል ስስ የጎማ ማረፊያ አደረጉ፤ ይህም እንዳይንኳኳና ቀለሙን እንዳይፍቅ ነው፤ ቀለም የተፋቀበት ስፍራ የዝገት በር ነውና። የቡሎኑ ራስ ከቁጥሮቹ አንዱን እንዳይሸፍን ተጠነቀቁ፤ 3ን 8 የሚያስመስል፥ 1ን 7 የሚያደርግ ቡሎን እንዳለ ከልምዳቸው ነገሩን።

ቀጥሎ መብራቱ ከታርጋው በላይ ተተከለ። የዚህ መብራት መስተዋት ወደ ታች፥ ወደ ታርጋው፥ ይመለከታል እንጂ ወደ ኋላ አይመለከትም። ነጭ ብርሃን ወደ ኋላ ቢወጣ ከኋላ የሚመጣውን ነጂ ዓይን ይወጋል፤ በሌሊትም መኪናይቱ ወደ ኋላ የምትሄድ ታስመስላለች። የበራውን ቁጥር እንጂ የሚያበራውን አምፖል ሌላ ሰው ማየት የለበትም።

ከዚያም መብራቱን ሲያገናኙት አልበራም። ምክንያቱ ሦስት ነበር። አንደኛው፥ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የክዳኑ ማጠፊያ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ሲታጠፍ ኖሮ ውስጡ ተበጥሷል፤ ላስቲኩ ግን ደኅና ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ሽቦው ተለወጠ፤ በማጠፊያውም ዘንድ ሳይወጠር ለቀቅ ብሎ እንዲያልፍ ሆነ። ሁለተኛው፥ በአውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ከባትሪ በሽቦ ይሄድና ተመልሶ የሚመጣው በራሱ በመኪናው አካል ስለሆነ፥ መብራቱ የሚያርፍበት ብረት ንጹሕ መሆን አለበት። የእኛ ግን በዚያ በምንኮራበት አዲስ ቀለም ተሸፍኖ ነበር። ባለሙያው ከመብራቱ ሥር ጥቂት ቀለም ፍቀው ብረቱን ገለጡት፤ ከታሰረም በኋላ እንዳይዝግ ግራሶ ቀቡት።

ሦስተኛው ምክንያት አምፖሉ ነበር። ከሱቅ የገዛነው የ12 ቮልት አምፖል ሲሆን መኪናይቱ ግን የ6 ቮልት ናት። በግማሽ ኃይል የሚሠራ እንዲህ ያለ አምፖል ግማሽ ብርሃን ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል፤ የሚሰጠው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ክሩ ቀልቶ ይታያል እንጂ ቁጥር አያስነብብም። የ6 ቮልቱን በ12 ቮልት መኪና ላይ ቢያደርጉት ደግሞ ወዲያው ይቃጠላል። ትክክለኛው የ5 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ሲሠራ ከ0.8 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል። ኃይሉ ትንሽ በመሆኑም ጥቂት ዝገት ብዙ ይጎዳዋል፤ አንድ ኦም ብቻ የሚሆን እንቅፋት በመስመሩ ላይ ቢገባ የብርሃኑን ሲሶ ገደማ ይወስድበታል። በአሮጌ መኪና ላይ ከአምፖሉ አስቀድሞ ዝገቱን መመርመር የሚገባውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ባለሙያው የኋላ መብራቶቹን አብርተው የታርጋው መብራት አብሮ መብራቱን አሳዩን። እኛም ሲመሽ በግቢያችን በር ላይ መኪናይቱን አቁመን 20 ሜትር ለክተን ቆምን። ይህን ልክ የመረጥነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በቪየና የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፥ የኋላ ታርጋ አየሩ ጥርት ባለበት ሌሊት፥ ተሽከርካሪው ቆሞ ሳለ፥ ቢያንስ ከ20 ሜትር ላይ እንዲነበብ ስለሚል ነው። ቁጥሩ ከነፊደሉ ጥርት ብሎ ተነበበ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ቁራጭ ብረት ብዙ አሰብን። በፓሪስ ከተማ ፖሊስ ባለመኪናዎች ስማቸውንና አድራሻቸውን በብረት ጽፈው እንዲለጥፉ ያዘዘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ነው። እንግሊዝም በ1903 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ አውቶሞቢል ቁጥር እንዲኖረው አደረገች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢበድል ፊቱ ይታያል፤ በበቅሎ የሚሄደውንም አገሩ ያውቀዋል፤ በመኪና የሚያልፈውን ግን ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ስሙን ከጀርባው እንዲይዝ ተደረገ። በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት፥ በነጩ ሰሌዳ ላይ ያለው ኮድ የታክሲውን 1፥ የግሉን 2፥ የንግዱን 3፥ የመንግሥቱን 4 ብሎ ይለየው ነበር፤ «አማ» የሚለውም ፊደል ክልሉን ያመለክት ነበር። ታርጋ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በጥንቱ ትርጕሙ ትንሽ ጋሻ ማለት ነው። ጋሻነቱ ግን ለነጂው አይደለም፤ በመንገድ ዳር ለሚሄደው ነው። በዚያች ሌሊት ከኋላችን ይመጣ ለነበረው፥ ምንም በደል ለሌለበት ወጣትም ሊሆነው ይችል ነበር። እኛ ያንን ጋሻ በጋዜጣ ጠቅልለን ነው ያወጣናት።

እርግጥ ነው፥ መብራት ሰውን ደግ አያደርገውም። ታርጋው በርቶ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ የምንቆመው ከፍርሃት የተነሣ ነበር ሊባል ይቻላል። እኛም አንክድም። ነገር ግን ሰው ሁልጊዜ በበጎነቱ ልክ አይገኝም፤ የጎደለ ዕለት የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ያን የሚይዘውን ነገር ደኅና ሳለ ማበጀት የራሱ ፈንታ ነው።

ዛሬ በቤታችን አንድ ልማድ አለ። በምሽት ከመነሣታችን በፊት ከሁለታችን አንዳችን ከመኪናይቱ ኋላ ቆመን ቁጥሩን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ሌላው ከመሪው ዘንድ «እሺ» ይላል። ልጆቻችን መጀመሪያ ሳቁብን፤ አሁን ግን እነርሱ ናቸው የሚያነቡልን።

የሽማግሌው እጅ ድኗል፤ ሆኖም ብርድ ሲሆን አንጓው ይቆረጥመኛል ይላሉ፤ ይህንንም በሰማን ቁጥር ዓይናችንን ወደ መሬት እናደርጋለን። ባለፈው ዓመት በዒድ በዓል ልንጠይቃቸው ሄደን ስንመለስ እስከ መንገዱ ሸኙን። መሽቶ ስለነበር መብራቱ በርቷል። ዞረው ከኋላ ቆሙና ጥቂት ተመለከቱት። በልጅነታቸው ቁርኣን ቀርተዋል እንጂ ይህንን ፊደልና ቁጥር አልተማሩም። «ምን ይላል? አንብቡልኝ» አሉን። «እሺ አባባ» ብለን አንድ በአንድ አነበብንላቸው። እርሳቸውም ሦስት ጊዜ ከደገሙት በኋላ «በሉ በደኅና ግቡ» አሉን። አሁን ቁጥራችንን በቃላቸው ያውቁታል።